አፍሪካ አዳራሽን ከአጥሩ ውጭ ብቻ የምናውቅ ስንት ነን?

ሞንታርቦ

ሰላም ናችሁ ሰዎች። ሳውንድ ነው የምሠራው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጉባኤ፣ የተገኘውን። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሞንታርቦ ያላቆምኩበት አዳራሽ ካለ፣ ወይ ገና አልተሠራም ወይ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ግቢ ውስጥ ነው።

ልጅ ሆኜ ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ስወጣ ያንን ረጅም አጥር እየታከክሁ ነው ያደግሁት። አፍሪካ አዳራሽ ይባላል፣ መሪዎች ይሰበሰቡበታል፣ በቃ። ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረም። ባለፈው ሰሞን ታዲያ ለስብሰባ ከውጭ የመጣ ዘመዴ አብሬው እንድገባ አደረገኝና ገባሁ። መግቢያው ላይ ያንን ባለቀለም መስታወት ሳየው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዘመዴ እጄን ይዞ እስኪጎትተኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ፎቶውን ስንቴ አይቼዋለሁ። ፎቶው ምንም አይደለም።

አሁን ጥያቄዬ። ቤቱ መጀመሪያ ለምን ተሠራ? ማን ሠራው? አንድ ነገሩ ማዘጋጃን አስታወሰኝ፣ ተሳስቼ ይሆን? ደግሞስ አሁን ታድሶ የስብሰባም የጉብኝትም ቦታ ሆኗል ሲባል እኛንም ይጨምራል ወይስ ያው ነው? የምታውቁ አውሩን።

ታሪክ ወዳጅ

ሞንታርቦ ጥሩ ነገር አነሳህ። ትንሽ ልዘርዝር፣ ሻይህን ይዘህ አንብብ።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተቋቋመው እኤአ በ1958 ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። መወሰኑ ጥሩ፣ ግን እንግዳ ጋብዘህ ቤት ከሌለህስ? ጃንሆይ ቤቱን አሠርተው ሊሰጡ ቃል ገቡ። ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ እሳቸው በመስኮት ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ ማለት ነው፣ ግንባታው ተጀመረና በ18 ወር ገደማ አለቀ። አሥራ ስምንት ወር! ዛሬ ለአንድ ፎቅ የመሠረት ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ እስኪያቁር የሚወስደው ጊዜ ነው።

የተመረቀው ጥር 29 ቀን 1953 ነው። የመጀመሪያው የኮሚሽኑ ዋና ጸሐፊ ሱዳናዊው መኪ አባስ ነበር፣ ከሱ በኋላ ጋናዊው ሮበርት ጋርዲነር መጥቶ ለረጅም ጊዜ ቆየ። እና ልብ በል፣ አዳራሹ መጀመሪያ የተሠራው ለኮሚሽኑ ነው እንጂ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት አይደለም። ድርጅቱ ያኔ ገና አልተወለደም። ሰው ሁሉ የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው።

የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955። የዚያን ጊዜ አፍሪካ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የካዛብላንካ ቡድን የሚባለው፣ እነ ንክሩማህ ያሉበት፣ አሁኑኑ እንዋሃድ ይላል። የሞንሮቪያው ቡድን ደግሞ ቀስ ይበል፣ መጀመሪያ እንተባበር ይላል። እነዚህን ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጡ ራሱ ድል ነበር። የእኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከተማ ይፍሩ ለዚህ ብዙ ደክመዋል፣ ስማቸው ግን የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው። ንክሩማህ ያሰበውን ያህል አላገኘም። ቻርተሩ ግን ተፈረመ። 32 አገሮች ፈርመው ድርጅቱ እዚያው ቤት ውስጥ ተወለደ።

የካዛንቺስ ልጅ

ታሪክ ወዳጅ ቀኑን ስትጠቅስ አንድ ነገር አለፈህ። ጥር 29 ቀን 1953 ማለት እኮ ከታኅሣሡ ግርግር ሁለት ወር ያልሞላው ነው። እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት የተጀመረው ታኅሣሥ 4 ነው፣ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ። ከተማው ውስጥ ተኩስ ነበር፣ ስንት ባለሥልጣን ተገደለ። በስምንት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሪባን ተቆርጦ እንግዳ ተቀብለው «ምንም አልሆንም፣ ግቡ» ነው የተባለው። አባቴ ሁሌ የሚለው ነገር ነበረው። ያን ቀን ሰው አዳራሹን ሊያይ ሳይሆን የጃንሆይን ፊት ሊያይ ነው የወጣው ይል ነበር።

ፊት ለፊት ያለው ቤተ መንግሥት ደግሞ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ በቮልስ ተጭነው የወጡበት ነው። ከዚያ በር እስከ አዳራሹ በር መንገድ መሻገር ብቻ ነው። አህጉርን ያሰባሰቡበት ቤት እያያቸው ነው የሄዱት። ይሄን ሳስብ ሁሌ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ ደጋፊያቸውም ሳልሆን።

ለማንኛውም እኔ ካዛንቺስ ተወልጄ አድጌ፣ አሁን ሰፈሩም ፈርሶ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድም ቀን አልገባሁም። እግር ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ከዚያ አጥር በጩኸት ርቀት ነበር። አንድ ቀን ጋይድ ይዞኝ ከገባሁ ሰፈርህ የት ነው ቢለኝ እዚሁ ነበር ልለው ነው።

ቢምና ኮለን

ሞንታርቦ አልተሳሳትክም፣ ዓይንህ ጥሩ ነው። አፍሪካ አዳራሽንም ማዘጋጃንም የነደፈው አንድ ሰው ነው፣ ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ። እኤአ በ1922 የተወለደ፣ በወጣትነቱ አስመራ መጥቶ እዚያ ሥራ የጀመረ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የወረደ። አፍሪካ አዳራሽን ሲጨርስ ገና አርባ ዓመት አልሞላውም ነበር። በሙያው ውስጥ ላለን ሰዎች ትንሽ ያስቀናል።

ማዘጋጃ ከአፍሪካ አዳራሽ ቀጥሎ የመጣ ነው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ። ቸርችልን ከለገሃር ሽቅብ ስታይ ጫፉ ላይ ከነሰዓት ማማው የሚጠብቅህ እሱ ነው። ጎዳናው ራሱ ለሱ የተዘረጋ ነው የሚመስለው። የሁለቱ ልዩነት ግን ሥነ ሕንፃው ላይ አይደለም። ማዘጋጃ ግብር የሚከፍል፣ ካርታ የሚያወጣ፣ የሚጋባ ሁሉ የሚረግጠው ቤት ነው። ደረጃው በሕዝብ ጫማ ነው የተበላው። የአፍሪካ አዳራሽን ደረጃ ያው የዲፕሎማት ጫማ ነው የሚያውቀው።

እድሳቱን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 56.9 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆለት ነው የተሠራው። ንድፉን የመሩት ኮንራድ ጋርጌት የሚባሉ የአውስትራሊያ አርክቴክቶች ናቸው። ሥራው ቀለም መቀባት እንዳይመስላችሁ። ስትራክቸሩ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲችል ተጠናክሯል። ይሄ ለቅንጦት አይደለም፣ የአዋሽና የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ በሌሊት ፒጃማ ለብሰን ደረጃ የወረድን ሰዎች እናውቀዋለን። በድሮው ቤት ውስጥ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አዲስ የአየር ዝውውር፣ አዲስ የእሳት መከላከያ ማስገባት፣ ግን ውጪው ሲታይ ምንም ያልተነካ እንዲመስል ማድረግ፣ አዲስ ከመሥራት በሦስት እጥፍ ያስቸግራል። የተመረቀው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ነው፣ ዋና ጸሐፊው ጉተሬዝና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባሉበት።

ሞንታርቦ

አይ ጎበዝ! ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ባለቤቴን ላሳያት ይሄን።

መስታወቱን አንድ ሰው ይንገረኝ። የአፈወርቅ ተክሌ መሆኑን አውቃለሁ። እሱን ግን እንዴት ነው የሠራው? ሥዕል እኮ አይደለም።

ታሪክ ወዳጅ

«እሱን» አትበል፣ ሲነሱ የማዕረጋቸው ዝርዝር አንድ መስመር የሚፈጅ ሰው ናቸው። (ቀልድ ነው፣ ግን እሳቸው ቀልድ አይመስላቸውም ነበር።)

አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር የተወለዱ ናቸው። እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ደርሰው ሥዕል መረጡ፣ ለንደን ስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ። የአፍሪካ አዳራሽን ሥራ ሲይዙ ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። ንድፉ የእሳቸው ነው፣ መስታወቱ ተቆርጦ የተገጣጠመው ግን ፈረንሳይ አገር በባለሙያ ወርክሾፕ ነው። በአጠቃላይ 150 ካሬ ሜትር ነው። ሦስት ክፍል አለው። አንዱ የአፍሪካ ትናንት ነው፣ ባርነትና መከራ። አንዱ ትግሉ ነው። ሦስተኛው ነገ። አርእስቱም የአፍሪካ ሙሉ ነፃነት የሚል ነው።

አስበው እስቲ። ንድፉ ሲሠራ ገና ግማሽ አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ነው። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ኬንያ፣ አልጄሪያ ሁሉም። «ሙሉ ነፃነት» ብለህ መስታወት ላይ ስትጽፍ፣ ዜና እየጻፍክ አይደለም፣ ገና የሚመጣውን ነው።

በእድሳቱ ጊዜ መስታወቱ እየተነቀለ ተጠርጎና ተጠግኖ ተመልሷል። ከሚያስደስቱኝ ነገሮች አንዱ፣ ጥገናውን ከሠሩት ውስጥ የዚያው የመጀመሪያው የፈረንሳይ መስታወት ሠሪ ቤተሰብ ተወላጅ ነበረበት።

ጠያቂው

ትንሽ እርማት። ታሪክ ወዳጅ፣ የዚያን ቀን 32 አገሮች ፈረሙ ያልከው ልክ አይመስለኝም። አዲስ አበባ የተገኙት 30 ናቸው። ሞሮኮ በሞሪታንያ ምክንያት አኩርፋ አልመጣችም። ቶጎ ደግሞ ፕሬዚዳንቷ ሲልቫነስ ኦሊምፒዮ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተገድሎ፣ አዲሱን መንግሥት ማን ይቀበለው የሚል ጭቅጭቅ ስለነበር ቦታ አላገኘችም። ሁለቱም ቆይተው ነው የገቡት። 32 የሚባለው እነሱን ጨምሮ ነው።

ሚስማር እየቆጠርኩ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ባዶ ወንበር ነበረ ማለት ነው፣ ያውም በሰው ደም ምክንያት። ሁሌ የምናወራው ስለ መተቃቀፉ ብቻ ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

ታሪክ ወዳጅ

ተቀብያለሁ። ጥሩ እርማት ነው። ጽሑፌን አላስተካክልም፣ እርማትህ ከሥሩ ይነበብ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም ከአሜሪካ። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ አሳጣችሁኝ።

እኔ የማስታውሰው አፍሪካ አዳራሽን ሳይሆን ማዘጋጃን ነው። አክስቴ እሑድ እሑድ ማዘጋጃ አዳራሽ ቴአትር ትወስደን ነበር። ከመግባታችን በፊት ውጪ ቆሎ ትገዛልናለች፣ ውስጥ ስንቆረጥም ደግሞ ትቆነጥጠናለች። የቴአትሩን ታሪክ አንዱንም አላስታውስም። የማስታውሰው መጋረጃው ሊከፈት ሲል የሚጠፋውን መብራትና የሰዉን «እሽሽሽ» ነው። ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ እኔና ባለቤቴ በማዘጋጃ ስንጋባ ያንኑ ሕንፃ ነው የረገጥነው። ፊርማ፣ ምስክር፣ ፎቶ፣ አበቃ። እናቴ «ይሄም ሠርግ ነው?» ብላ አለቀሰች።

እዚህ አገር ልጆቻችንን የምንድረው በተከራየነው አዳራሽ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ መብራት ያበሩብሃል፣ ኬኩ ተቆረጠም አልተቆረጠም። የሙሽራው አጎት ምርቃቱን ገና «አሜን በሉ» ከማለቱ ወንበር መደርደር ይጀምራሉ።

ጋሽ ምስክር

ልጆች፣ እኔ ስልክ መጻፍ ይከብደኛል፣ ፊደል ብገድፍ አትሳቁ።

ስለ ትልልቆቹ አዳራሾች አወራችሁ። የቀበሌ አዳራሽንስ? የእኛ አዳራሽ እሱ ነበር። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 47 የሚባለው። ቀበሌዎች ከዚያ በኋላ ተቋቋሙ። አዳራሹም ተከተለ። በእኛ ሰፈር የነበረው የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር፣ ተወርሶ ነው አዳራሽ የሆነው። አግዳሚ ወንበር ገባበት፣ ግድግዳው ላይ መፈክር ተጻፈበት። ከስብሰባ መቅረት የለም፣ ስኳርና ዘይት በቀበሌ ነው የምታገኘው። እዚያው አዳራሽ ውስጥ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ በስተርጅና ሀ ሁ ቆጠረች። ስሟን ጽፋ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እዚያው አዳራሽ ጎን ባለው ክፍል ደግሞ ከዚያ በፊት ሰው ይታሰር ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ገብቶ አልወጣም። እናቴ በዚያ በር ፊደል ልትቆጥር ስትገባ ዓይኗን ወደዚያ ክፍል አታዞርም ነበር።

ቤቱ አሁንም አለ። ለሠርግ ይከራያል። ባለፈው ዓመት እዚያው ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አሸሸ ገዳሜ ይጨፈራል፣ ደስ ይላል። እኔ ግን ያቺን በር ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጥ አልቻልኩም።

ቢምና ኮለን

ጋሼ አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልን። እናትዎ የጻፏት ወረቀት አለች?

ጋሽ ምስክር

አለች። ፍሬም ውስጥ ናት።

የካዛንቺስ ልጅ

ከጋሼ በኋላ መጻፍ ይከብዳል። ግን በር ስላነሱ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የአሁኑ ትልቁ አዳራሽ፣ ቻይና ሠርታ የሰጠችውና እኤአ በ2012 የተመረቀው፣ የቆመው ዓለም በቃኝ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ከርቸሌ። ስንት ሰው የማቀቀበት ግቢ። እሱ ሲፈርስ ትዝ ይለኛል። አፍሪካ አዳራሽ ላይ ቢያንስ ቤቱ ራሱ ቆሟል። እዚያ ግን ማየት የምትችለው አዲሱን ብቻ ነው።

የድሮው የአንድነት ድርጅት ግቢም ቢሆን መጀመሪያ ለፖሊስ ትምህርት ቤት የታሰበ ነበር ይባላል፣ ታሪክ ወዳጅ ልክ ነኝ?

ታሪክ ወዳጅ

ልክ ነህ፣ ጃንሆይ ናቸው ለድርጅቱ የሰጡት። የኛ አገር አዳራሽ ለታሰበለት ነገር ብዙ ጊዜ አይውልም። ብሔራዊ ቴአትርን እይ። ጣሊያን ሲኒማ ማርኮኒ ብሎ ጀመረው፣ ሳይጨርሰው ተባረረ፣ በ1948 ለጃንሆይ የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ተጠናቆ ቴአትር ቤት ሆነ። ሀገር ፍቅርም በ1927 ሲቋቋም ማኅበር ነው፣ ጣሊያን ሊመጣ ነው ተነሱ እያለ ሕዝብ የሚቀሰቅስ። መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው የመሠረቱት። ዘፈኑና ቴአትሩ መጀመሪያ ሰው መሰብሰቢያ ነበር፣ ቀስ በቀስ ዋናው ሥራ እሱ ሆነ።

ሞንታርቦ

ኧረ ክሩ ወዴት ወዴት ሄደ፣ ወደድኩት!

ጋሼ፣ የቀበሌ አዳራሽ እኔም የምበላበት እንጀራ ነው። ድምፅ አንፃር የባሰ የለም። ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ልስን፣ መሬቱ ሲሚንቶ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሽማግሌው «ልጆቼ» ሲሉ «ጆቼ ጆቼ ጆቼ» እያለ ነው የሚመለስ። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሚክሰሩን አጥፍቼ ቁጭ ነው። መፍትሔዬ መጋረጃ ነው። የሙሽሮቹን ዲኮር የሚሠሩትን ልጆች ግድግዳውን ሁሉ በጨርቅ አልብሱልኝ እላቸዋለሁ፣ እነሱ ለውበት መስሏቸው ያስከፍላሉ፣ እኔ ለማሚቶ ነው።

አንዴ ምን ገጠመኝ መሰላችሁ። አንድ ሰፈር ለሠርግ ተጠራሁ። ሰፈሩን አልጠራም። ሞንታርቦ አቁሜ፣ ገመድ ዘርግቼ፣ «ቼክ ዋን ቱ» እያልኩ አንድ ሽማግሌ መዝገብ በብብታቸው ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ሌላ፣ ከኋላቸው ሌላ። የእድር ጠቅላላ ጉባኤ! ያኑ ቀን፣ ያኑ ሰዓት፣ ያኑ አዳራሽ ለሁለት ተከራይቷል። ሙሽሮቹ መንገድ ላይ ናቸው። አልቀመጥ አልነሳ ሆነ። መጨረሻ ላይ የእድሩ ዳኛ ማይኩን ተቀበሉኝና፣ ሒሳብ ሪፖርቱን በሩብ ሰዓት በእኔው ሞንታርቦ አንብበው፣ አባላቱን «አሁን ተቀመጡ፣ ሙሽራ እንቀበል» አሏቸው። ጠጁም ምግቡም እንዴት እንደተዳረሰ አላውቅም። የዚያን ቀን ያህል የዘፈነ ሰው ከዚያ በኋላ በሠራሁት ሠርግ አላየሁም። የሙሽራው አባት ብቻ ጥግ ይዘው ወጪ እየደመሩ ነበር።

ወደ አፍሪካ አዳራሽ ልመለስ። ዋናው አዳራሽ ውስጥ ስገባ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ቀስ ብዬ አንዴ አጨበጨብኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። ድምፁ ሄዶ አልተመለሰም፣ ንጹህ ነው። ስንት ሰው ስንት ቋንቋ ተናግሮበታል፣ አስተርጓሚ ሁሉ ሰምቶበታል። እዚያ ቤት አንድ ቀን ብቻ የእኛን ሰው ሙዚቃ ብሠራ እያልኩ ነው የወጣሁት። ክራርና ማሲንቆ፣ ያለ ሞንታርቦም ይሆናል። ስም ልቀይር ነው ማለት ነው።

ጠያቂው

ቅዠት ነው ሞንታርቦ። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ እኮ ነው። መታወቂያ፣ ፍተሻ፣ ቀጠሮ። ማዘጋጃ እንደመግባት መሰለህ?

ቢምና ኮለን

ፍተሻው ይኑር፣ ቀጠሮ ይያዝ፣ ችግር የለውም። በ1953 ለአፍሪካ የተሰጠ ቤት ነው። ለአፍሪካ ማለት ለፕሬዚዳንቶች ብቻ ማለት አይደለም። እድሳቱ ላይ ለጎብኚ የሚሆን ኤግዚቢሽን ታስቦበታል፣ ታሪኩን የሚያስረዳ። እሱን ራሱ ስንት ትምህርት ቤት ነው ተማሪ ይዞ የሚሄደው? እኛ አርክቴክቸር ስንማር ስለ ሌኮርቡዝዬ ሕንፃ ፎቶ እያየን ፈተና እንቀመጥ ነበር። ሜዜዲሚ በታክሲ ሁለት ፌርማታ ላይ ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

እኔ ለገና እመጣለሁ። ልጆቼን ይዤ እገባለሁ፣ ፓስፖርትም ከሆነ አለ።

የካዛንቺስ ልጅ

እትዬ፣ ሲመጡ እኔንም ይጨምሩኝ። መታወቂያዬ ላይ ካዛንቺስ ነው የሚለው፣ አድራሻው ግን የለም።

ጋሽ ምስክር

እኔም እመጣለሁ፣ ደረጃ ከሌለው።

ቢምና ኮለን

ደረጃ አለው ጋሼ። እኔ እይዝዎታለሁ።

ሞንታርቦ

በቃ አምስት ሆንን። ቀጠሮውን እኔ እጠይቃለሁ። ማጨብጨብ ክልክል መሆኑንም አብሬ እጠይቃለሁ።